ያልተጨመረበት

ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ፣
የሙዘይን ሱቅ አለች፣ ከመንገድ የማትታይ።
በሯ ላይ ተንዠርግጓል የቻርጀር ገመድ ዘለላ፣
ሁለት ሰው አትችልም፤ አንዱ ይወጣል ለሌላ።

ገባሁ፣ የአዳማን አቧራ ከትከሻዬ አራግፌ፣
ላፕቶፔን በእናቴ ሻሽ ጠቅልዬ አቅፌ።
«ሄድፎን ነበር» አልኩት፤ «ታጥፎ ቦርሳ የሚገባ፣
ድምፁን እንደ ተሠራ የሚሰጥ፣ ሳይኩል፣ ሳይቀባ።»

ሳቀ ሙዘይን። ከመደርደሪያው አናት
ቀይ ካርቶን አወረደ፣ ባለ መብረቅ፣ ባለ እሳት።
«ይሄ ነው» አለኝ፤ «ባሱ ደረት ይደበድባል፣
ልብ ድካም ያለበትን ሐኪም ቤት ያስገባል።»

አጠለቅኩት። እውነትም ምቱ ማጅራቴን መታ፤
የቀረው ግን የት አለ? ያ ቀጭኑ ሹክሹክታ፣
ከሥር የሚብላላው፣ ከላይ የሚያፏጨው ሁሉ፣
ጎረምሳ ገብቶ አስወጥቷቸው፣ ደጅ ቆመው ያያሉ።

ሁለተኛው ደግሞ ጥርስ ብቻ ነው፣ ድድ የለው፤
«ስ» በመጣ ቁጥር ጆሮዬን የሚነክሰው።
ሦስተኛው ምቹ ነበር፤ ዜማውን ግን በብርድ ልብስ
ሸፍኖ ያመጣልኛል፣ እንደ ታመመ ንጉሥ።

ሙዘይን ታከተው። «እንዲያው ለመሆኑ» አለኝ፣
«ሽንኩርት ስትገዢ ሚዛኑንም ትመዝኛለሽ? እስቲ ንገሪኝ።»

ምን ልበለው? ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ፣
ማታ ማታ ድምፅ እሸምናለሁ፣ በተሰነጠቀ ስክሪን ላይ።
ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ዘፋኝ የለው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ዘፈን?»
ይለኛል ታናሼ ጃለታ፣ ጆሮውን በትራስ ሲሸፍን።
ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ላይ፣ ከነፋስ ተርባይኖቹ ሥር
በስልኬ የቀዳሁት ነው የሥራዬ ሁሉ ማገር፤
ው... ው... ው... ሦስቱ ክንፍ አየሩን ሲከተክተው፣
ዘበኛው ጋሽ ሂርጳ እንኳ ትንፋሻቸውን ውጠው።

ከዚያ ከታች፣ ከተሰበሩ ሪሞቶች መሀል፣
አንዱን አወጣ፤ ሳጥን የለው፣ ስፖንጁ ተልጧል።
«ይሄ እንኳ አይሆንሽም፤ ሰው ሞክሮ ይተወዋል፣
‹ውሃ ውሃ ይላል፣ ጨው የለውም› ይለኛል።»

አጠለቅኩት።

ምቱ በቦታው፣ ሹክሹክታው በቦታው፣
እያንዳንዱ ድምፅ ወንበር ይዞ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋው።
እና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከክንፎቹ ዙረት ሥር፣
አንድ ሳል።

የጋሽ ሂርጳ ሳል! «ኧረ አላሳልኩም» ብለው የማሉልኝ፣
ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ዜማዬ ውስጥ ተደብቀው ሲስሉብኝ።

ሳቄ ሳያልቅ ሌላው መጣ፤ ይሄኛው አላሳቀኝም፤
ሥራዬ ቀጭን ነው፣ ከወገቡ በታች እግር የለውም።
ለካ አሮጌው ሄድፎኔ ባሱን ከራሱ ኪስ ሲያዋጣ፣
እኔ «በዛ» እያልኩ ስቀንስ፣ ስቀንስ፣ መሬቱ ከሥሬ ወጣ።
ሦስት ዓመት፣ አሥራ አንድ ሥራ፤
በውሸት ቁና የሰፈርኩት የገለባ ተራራ።

ሙዘይን ፊቴን አይቶ «አልኩሽ እኮ» አለ፣ «አይረባም፤
ሰው የሚያስከፋ ዕቃ እኔ በግድ አልሸጥም።»
«ስንት ነው?»
«ከፋሽ አይደል እንዴ?»
«ስንት ነው?»
«...እሺ፣ ሺህ ስምንት መቶ። ሳጥንም የለው።»

መንገድ ላይ አላደረግኩትም። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ
በነፋሱ መሀል ሄድኩ፣ ዓይኔን ካቧራው ከልዬ፤
ባጃጁ ሁሉ በየባሱ ይንዘፈዘፋል፣
አንዱ ሌላውን ሊያሰጥም በየመብራቱ ይጮኻል።

ማታ የመጀመሪያውን ሥራ ከፈትኩ።
ባሱን አንድ ጣት ከፍ፣ ደግሞ አንድ ጣት፤ እግር አበቀለ።
የጋሽ ሂርጳን ሳል ላጠፋ ጣቴን ዘረጋሁ፤
ተውኩት።
ወንበር ሞልቷል፣ ይቀመጡ።